ማሕፀንን ማየት፦ ልጅ ለዘገየባቸው ሴቶች ስለሚታዘዙ የምስል ምርመራዎች



በራጅ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ የትኛው ማሽን ይሻላል?» የሚል ነው። ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ልጅ የዘገየባት ሴት ናት። አንዱ ሐኪም አልትራሳውንድ አይቶላታል፤ ሌላው መድኃኒት ገብቶ የሚነሳ ራጅ አዞላታል፤ ሦስተኛው ኤምአርአይ ካልተነሳሽ ብሏታል። ከውጭ አገር የመጣች ዘመዷ ደግሞ «እኛ ዘንድ በካሜራ ገብተው ነው የሚያዩት» ብላ ሌላ ሐሳብ ጨምራባታለች። እኔ የምሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ቅር ያሰኛታል። ምክንያቱም አንዱ ማሽን ሌላውን ሁሉ አይተካም። እያንዳንዱ የሚመልሰው የራሱ ጥያቄ አለው። ሐኪሙ ጥያቄውን ሳይለይ ያዘዘው ምስል፣ ውድም ሆነ ርካሽ፣ የሚያተርፈው ወጪና ጭንቀት ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ለወንዶቹ የምለው አለኝ፤ ጥቂቶች ብትሆኑም ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል። በሕክምና መካንነት የሚባለው ባልና ሚስት ያለ መከላከያ፣ መደበኛ ግንኙነት እያደረጉ አንድ ዓመት ሞልቷቸው እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ጠብቆ መመርመር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ወንዱም የችግሩ ተካፋይ ነው። ሆኖም በየክሊኒኩ የማየው ሴቷ ሦስት ዓመት ስትንከራተት ከርማ፣ ባል አንድ ቀን እንኳ የዘር ፈሳሹን ሳያስመረምር ነው። የወንዱ ምርመራ መርፌም ሕመምም የለበትም፤ ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ መስጠት ነው። ሚስት ራጅ ጠረጴዛ ላይ ከመውጣቷ በፊት ይህ ውጤት መዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት። በዚህ ጉዳይ ድርድር አላውቅም።

አሁን ወደ ማሕፀን እንምጣ። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ማሕፀን ርዝመቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ላይ መካከሉ ክፍት ሆኖ ስለሚሣል ብዙ ሰው ውስጡ ባዶ ቦታ ያለ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የፊትና የኋላ ግድግዳዎቹ ተነካክተው ነው የሚኖሩት። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ የምነግራችሁ ነገር ግማሹ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች በተገናኙበት መሐል አንዲት ትንሽ ፖሊፕ፣ ማለትም ከማሕፀኑ ሽፋን የበቀለች ሥጋ፣ ተኝታ ብትገኝ ከላይ ሆኖ ማየት ያስቸግራል። ብዙዎቹ ምርመራዎች ወደ ማሕፀን ፈሳሽ የሚያስገቡት ግድግዳዎቹን ለያይቶ በመካከላቸው ያለውን ለማሳየት ነው።

የማሕፀን ችግር አብሮ የተወለደ አለ፣ ኋላ የመጣም አለ። አብሮ የሚወለደውን ለመረዳት ወደ እናት ሆድ መመለስ ያስፈልጋል። ሴት ልጅ በእናቷ ሆድ ሁለት ወር ገደማ ሲሆናት ገና ማሕፀን የላትም። በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሏት፤ በ1830 ባጠናቸው በጀርመናዊው ሊቅ በዮሐንስ ሙለር ስም ይጠራሉ። የላይኛው ክፍላቸው እንደተለያየ ቀርቶ እንቁላል የሚያልፍባቸው የማሕፀን ቱቦዎች ይሆናል። የታችኛው ክፍላቸው ተገናኝቶ አንድ ማሕፀን ይሠራል፤ ከተገናኙም በኋላ በመካከል የቀረው ግድግዳ እየሳሳ ይጠፋል። ይህ ሂደት በየትኛውም ደረጃ ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ጭራሽ ሳይገናኙ ከቀሩ ልጅቷ ሁለት ማሕፀን ይዛ ትወለዳለች። በከፊል ከተገናኙ ማሕፀኗ ባለ ሁለት ቀንድ ይሆናል። ተገናኝተው የመካከሉ ግድግዳ ሳይጠፋ ከቀረ ባለ ግድግዳ ማሕፀን እንለዋለን። አንዱ ብቻ ካደገ ደግሞ ባለ አንድ ቀንድ ነው። ከ5,000 ሴቶች መካከል አንዷ ገደማ ያለ ማሕፀን ትወለዳለች፤ እንቁላል የሚያመነጨው ኦቫሪዋ ጤነኛ ስለሆነ ጡቷም ቁመቷም እንደ እኩዮቿ ያድጋል፣ የወር አበባዋ ብቻ አይመጣም።

ኩላሊትና ማሕፀን የሚሠሩት በአንድ ወቅትና በአንድ ሰፈር ስለሆነ የማሕፀን አፈጣጠር ጉድለት የተገኘባት ሴት ኩላሊቷም መታየት አለበት። ባለ አንድ ቀንድ ማሕፀን ካላቸው ሴቶች አንዳንዶቹ በሌላው በኩል ኩላሊት የላቸውም። አልትራሳውንዱን ጥቂት ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ኩላሊትን መቃኘት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ግን ሲረሳ አይቻለሁ።

ይህ ችግር ምን ያህል የተለመደ ነው? ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2011 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ከ100 ሴቶች 5.5 ያህሉ፣ መካንነት ካለባቸው 8 ያህሉ፣ ጽንስ ከሚጨነግፍባቸው ደግሞ 13 ያህሉ የአፈጣጠር ልዩነት ያለው ማሕፀን አላቸው። ቁጥሮቹን ገልብጠን እንያቸው። መካንነት ካለባቸው 100 ሴቶች 92ቱ ማሕፀናቸው በአፈጣጠሩ ምንም እንከን የለበትም። ከማሕፀኑ ቅርጽ ልዩነት ጋር ወልደው ያሳደጉ እናቶችም በየቤቱ አሉ፤ ምስል ስላልተነሱ አያውቁትም።

አሁን ስለ ምርመራዎቹ ላውራ። ከሁሉ በላይ የሚፈራውን ላስቀድም።

መድኃኒት ገብቶ የሚነሳው የማሕፀንና የቱቦ ራጅ በሐኪሞች ዘንድ ኤችኤስጂ ይባላል። ረጅም ታሪክ አለው። ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1914፣ ዊሊያም ኬሪና ኢሲዶር ሩቢን የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሐኪሞች በየፊናቸው ብር ያለበት ፈሳሽ ወደ ማሕፀን አስገብተው ራጅ አነሡ። ፈሳሹ ሆድ ዕቃን ያስቆጣ ስለነበር አልዘለቀም። ከዚያ በ1920ዎቹ ሊፒዮዶል የተባለ ዘይት ተተካ፤ ከኦፒየም አበባ ዘር የተጨመቀ፣ አዮዲን የተዋሐደው ዘይት ነው። ይህ ዘይት ዛሬም በሥራ ላይ አለ፤ ለምን እንዳለ ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴቷ ጀርባዋ ላይ ትተኛለች፤ ለማሕፀን በር ምርመራ በሚደረገው መሣሪያ ብልት ይከፈታል፤ ካቴተር የሚባል ቀጭን ማስገቢያ ቱቦ በማሕፀን በር ይገባል፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በዝግታ እየተለቀቀ በየደረጃው ፎቶ ይነሣል። ፈሳሹ መጀመሪያ የማሕፀኑን ውስጥ ይሞላል፣ ከዚያ በሁለቱ ቱቦዎች ተጉዞ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል። ከፈሰሰ ቱቦው ክፍት ነው። ሕመሙ እንደ ኃይለኛ የወር አበባ ቁርጠት ነው፤ ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቃል። ከአንድ ሰዓት በፊት እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው «ምንም አያምም» ተብላ የገባች ሴት በመሐል ስትደነግጥ ጡንቻዋ ስለሚኮማተር ነው፤ ምስሉም ይበላሻል።

ቀኑም መመረጥ አለበት። የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ በፊት፣ ማለትም የወር አበባው ከጀመረበት ቀን ቆጥሮ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሠራል። ያኔ እርግዝና አለመኖሩን እርግጠኛ መሆን ይቀላል፣ የማሕፀኑ ሽፋንም ስስ ነው። ጨረሩ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ጽንስ ካለ አይሠራም። ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት ሴት ሳትታከም አትነሣም፤ ፈሳሹ ኢንፌክሽኑን ይዞ ወደ ላይ ይወጣልና።

ኤችኤስጂ ቱቦን በማሳየት ጎበዝ ነው። ችግሩ አንዳንዴ ጎበዝ ያልሆነበትንም እንዲመልስ እንጠይቀዋለን። ቱቦው ከማሕፀን በሚነሣበት ጫፍ ላይ ጡንቻ አለ፤ ሴቷ ስትጨነቅ ወይም ፈሳሹ በኃይል ሲገፋ ይኮማተራል፣ ምስሉም «ቱቦው ተዘግቷል» ይላል። ቱቦው ግን ደኅና ነው። በሥር አጠገብ የተዘጋ መስሎ በአንድ ራጅ ብቻ የታየ ቱቦ፣ በሌላ መንገድ ሳይረጋገጥ «ተዘግቷል» ተብሎ ፍርድ ሊሰጥበት አይገባም። በዚህች አንዲት ቃል ትዳራቸው የተናጋ ሰዎች አውቃለሁ።

በአገራችን ኤችኤስጂ ተጨማሪ ጥቅም አለው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ የማሕፀን ቱቦና ማሕፀን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ ያለባት ሴት ላትስል፣ ላትከሳ፣ የደረቷ ራጅም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ልጅ አለመምጣቱ ብቸኛው ምልክት ሆኖ ዓመታት ያልፋሉ። ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ግን በኤችኤስጂው ላይ ቱቦው እዚህም እዚያም ጠብቦና ሰፍቶ፣ የማሕፀኑ ውስጥ ተጨማዶ፣ አልፎ አልፎም በዳሌው አካባቢ የደነደነ ዕጢ ሲያይ ይጠረጥራል። ነቀርሳ ብዙ በሆነበት አገር ይህን ምስል እንደ ተራ የቱቦ መዘጋት አንብቦ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። ድሮ ሐኪሞች በዚህ ራጅ ማግሥት የሚያረግዙ ሴቶች እንዳሉ ይታዘቡ ነበር። በ2017 በኔዘርላንድስ 27 ሆስፒታሎች 1,119 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ጉዳዩን መዘነው። በስድስት ወር ውስጥ እርግዝናቸው የዘለቀው በዘይቱ ከተመረመሩት 39.7 ከመቶ፣ በውኃማው ፈሳሽ ከተመረመሩት 29.1 ከመቶ ነበሩ። ምርመራው ራሱ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ምክንያቱ ገና ያከራክራል፤ ቱቦውን አጥቦት ይሆናል የሚሉ አሉ። የተመረጡት ሴቶች ወጣትና ቱቧቸው ይጎዳል ተብሎ ያልተጠረጠሩ እንደነበሩ ግን አትርሱ። ዘይቱ አዮዲን ስላለውና ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ያለባት ሴት አስቀድማ መናገር ይኖርባታል።

አልትራሳውንድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አመጣጡን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ1955 ክረምት በግላስጎው ከተማ የማሕፀን ሐኪም የነበረው ኢያን ዶናልድ በቀዶ ጥገና ያወጣቸውን ማዮማ የሚባሉ የማሕፀን ዕጢዎችና የኦቫሪ ውኃ ቋጠሮዎች መኪና ላይ ጭኖ ወደ አንድ የብረት ቦይለር ፋብሪካ ሄደ። ፋብሪካው የብረቱን ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈትሽ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያውን በማዮማው ላይ ሞከሩት፤ ለማነጻጸሪያ የበሬ ሥጋም አቀረቡ። ድምፁ ከጠንካራው ዕጢ ሲመለስ አንድ ዓይነት፣ ከውኃ ቋጠሮው ሲመለስ ሌላ ዓይነት ምልክት ሰጠ። በ1958 ዶናልድ ከኢንጂነር ቶም ብራውንና ከሐኪም ጆን ማክቪካር ጋር ሆኖ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሥራውን አሳተመ። ዛሬ በየክሊኒኩ የምናየው ማሽን ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል፤ መጀመሪያ ከታዩበት ነገሮችም አንዱ ማዮማ ነበር።

ማሕፀንን በሆድ በኩልም በብልት በኩልም ማየት ይቻላል። በሆድ በኩል ሲሆን ፊኛ በውኃ መሞላት አለበት። በብልት በኩል ሲሆን መሣሪያው ከማሕፀኑ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ስለሚሆን ምስሉ እጅግ የጠራ ነው፤ ለመካንነት ምርመራ የሚመረጠውም ይኸው ነው። ብዙ እኅቶች ያፍራሉ፤ አይፈረድባቸውም። ሴት ባለሙያ እንድትሠራላችሁ ወይም አብራችሁ የምትገባ ሰው እንድትኖር መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በአልትራሳውንድ ወረቀት ላይ ከሚጻፉት ሁሉ ሁለት ነገሮች ከሚገባቸው በላይ ያስፈራሉ። አንዱ «ማሕፀንሽ ወደ ኋላ ዞሯል» ወይም «ተገልብጧል» የሚባለው ነው። ከአምስት ሴቶች የአንዷ ገደማ ማሕፀን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ልክ አንዳንዱ ሰው ግራኝ ሆኖ እንደሚወለድ ነው፤ በራሱ መካን አያደርግም። ለዚህ ተብሎ ሆድ መታሸት፣ ማሕፀን «ማቃናት»፣ የማያቋርጥ ወጪ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ማዮማ ነው። ማዮማ እጅግ የተለመደ ዕጢ ነው፤ ጥቁር ሴቶች ላይ ደግሞ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበዛልም። «ማዮማ አለሽ» መባል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዋናው ጥያቄ የት ተቀምጧል ነው። የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ማዮማን እንደ ቦታው ከ0 እስከ 8 ቁጥር ሰጥቶታል። 0፣ 1 እና 2 ወደ ውስጥ፣ ጽንሱ ወደሚያርፍበት ክፍል ገብተው የሚያበላሹት ናቸው፤ እርግዝናን በማሰናከል የሚታወቁትም እነዚሁ ናቸው። ከማሕፀኑ ውጪ ወደ ሆድ ያበጠው ማዮማ፣ መጠኑ ትልቅ ቢሆንም እንኳ፣ ለማርገዝ ብዙ ጊዜ አያግድም። አንድ ሴንቲሜትር ተኩል የሆነ የውስጥ ማዮማ ስድስት ሴንቲሜትር ከሆነው የውጭ ማዮማ የበለጠ ሊያስጨንቀን የሚገባው ለዚህ ነው። ቦታውን ሳይጽፍ መጠኑን ብቻ የጻፈ የአልትራሳውንድ ውጤት ሥራውን አልጨረሰም፤ መልሳችሁ ጠይቁ።

ቅድም የተነካኩትን ግድግዳዎች ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። አልትራሳውንድ ሲሠራ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የሚሆን ንጹሕ የጨው ውኃ በቀጭን ካቴተር ወደ ማሕፀን ሲገባ ግድግዳዎቹ ይለያያሉ። ውኃው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ፖሊፑ፣ የውስጡ ማዮማ፣ ጠባሳው በመካከሉ ጎልቶ ይወጣል። ጨረር የለም፣ ሕመሙ ከኤችኤስጂ ያነሰ ነው፣ ወጪውም ከኤምአርአይ ጋር አይወዳደርም። በኔ ግምት በአገራችን ከሚገባው በታች የተሠራበት ምርመራ ይህ ነው። የሚጠይቀው አንድ ካቴተር፣ አንድ ስሪንጅና ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ነው። በውኃው ፈንታ አረፋ በማስገባት ቱቦዎቹን ያለ ራጅ ማየትም ይቻላል።

የአፈጣጠር ጉድለት ሲጠረጠር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አንድ ቤት ውስጥ ቆማችሁ ሁለት ክፍል አያችሁ እንበል። ቤቱ አንድ ሆኖ በግድግዳ የተከፈለ ነው ወይስ ሁለት ጎጆዎች ጎን ለጎን ተሠርተው? ውስጥ ቆሞ መለየት አይቻልም፤ ወጥቶ ጣሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ኤችኤስጂ ሁልጊዜ ውስጥ የቆመ ምርመራ ነው። ባለ ግድግዳውንም ባለ ሁለት ቀንዱንም ማሕፀን አንድ ዓይነት አድርጎ፣ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አድርጎ ያሳያል። ልዩነቱ ግን የሴቷን ዕጣ ይወስናል። የመካከል ግድግዳ፣ መቆረጥ ካለበት፣ በማሕፀን በር በኩል ገብቶ ያለ ሆድ ቀዶ ጥገና ይቆረጣል። ባለ ሁለት ቀንዱን ግን ግድግዳ ነው ብሎ የሚቆርጥ ሐኪም ማሕፀኑን ቀድዶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በኤችኤስጂ ላይ ብቻ ተመሥርቶ «ማሕፀንሽ ለሁለት ተከፍሏል፣ እንቁረጠው» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የውጩን ገጽታና የውስጡን ክፍል በአንድ ላይ የሚያሳየው ባለ ሦስት አቅጣጫ አልትራሳውንድ ነው። ማሽኑ ብዙ ቁራጭ ምስሎችን ገጣጥሞ ማሕፀኑን ከፊት ለፊት እንደሚታይ አድርጎ ያቀርባል፤ በተለመደው አልትራሳውንድ ያንን ገጽ ማግኘት ከባድ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ካለ ኤምአርአይ የሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ምስሉ ቢጠራም አንባቢዎቹ አልተስማሙም። የአውሮፓ ማኅበራት በ2013 ያወጡት መለኪያና የአሜሪካው የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2021 ያሻሻለው መለኪያ ይለያያሉ። አሜሪካኖቹ ግድግዳ አለ የሚሉት ወደ ውስጥ የገባው ክፍል ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆንና ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ሲያንስ ነው። አውሮፓውያኑ ከማሕፀኑ ግድግዳ ውፍረት ጋር ያነጻጽሩታል፤ በእነሱ መለኪያ ብዙ ተጨማሪ ሴቶች «ባለ ግድግዳ» ይባላሉ። አንዲት ሴት፣ አንድ ምስል፣ በአንደኛው መለኪያ ታማሚ፣ በሌላኛው ጤነኛ። ውጤቱ ላይ የተጻፈው ስም እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

ስለ ኤምአርአይ ባጭሩ ልናገር። ጨረር የለውም፤ ውድ ነው፤ የሚገኘውም በትልልቅ ከተሞች ነው። በሰውነቷ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ያላት ሴት አስቀድማ መናገር አለባት። የሚገባበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ማዮማዎቹ በዝተው ለቀዶ ጥገና ካርታ ሲያስፈልግ፣ የአፈጣጠር ጉድለቱ ውስብስብ ሲሆን፣ ማሕፀን የለም ተብሎ ሲጠረጠር፣ ወይም የማሕፀኑ ሽፋን ወደ ጡንቻው ሰርጎ የሚያድግበት አዴኖሚዮሲስ የተባለው ሕመም በአልትራሳውንድ ሳይለይ ሲቀር። ቱቦ ክፍት መሆኑን በተለመደው ኤምአርአይ ማወቅ አይቻልም። «ኤምአርአይ ተነሥቻለሁ፣ ሁሉም ታይቷል» የምትል ሴት ገና አልታየችም።

የመጨረሻው በካሜራ ማየት ነው፤ ሂስትሮስኮፒ ይባላል። ጥንታዊ ነው። ፓንታሌኦኒ የተባለ ሐኪም በ1869 የአንዲት የ60 ዓመት ሴት ማሕፀን ውስጥ ተመልክቶ ፖሊፕ አግኝቷል። ዛሬ በማሕፀን በር የሚገባ ቀጭን ካሜራ የውስጡን ገጽ በቀጥታ ያሳያል፣ ያየውንም እዚያው ማከም ይችላል። በተለይ ከማሕፀን ጠረጋ በኋላ የወር አበባዋ ለቀነሰ ወይም ለጠፋ ሴት ይህን የሚተካከል የለም። በቴል አቪቭ ይሠራ የነበረው ዮሴፍ አሸርማን በ1948 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም የማሕፀን ግድግዳዎች በጠባሳ እርስ በርስ መጣበቅ ነው። ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ በኃይል የተጠረገ ማሕፀን ዋናው መነሻ ነው፤ ነቀርሳም ያመጣዋል። ስለዚህ ድሮ የደረሰባችሁን ጠረጋ ለሐኪም አትደብቁ። ባል ፊት መናገር ካልቻላችሁ ለብቻችሁ መነጋገር እንደምትፈልጉ ንገሩ።

ካሜራው ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ለሁሉም ለምን አይደረግም? ተሞክሯል። በ2016 ላንሴት ላይ የወጡ ሁለት የአውሮፓ ጥናቶች በላቦራቶሪ ጽንስ ማዳበር ሕክምና ከመጀመሩ በፊት፣ አልትራሳውንዳቸው ጤነኛ ለሆነ ሴቶች ሁሉ ሂስትሮስኮፒ መሥራት የሚወለዱትን ልጆች ቁጥር እንዳልጨመረ አሳዩ። ከዚያም ይበልጥ ያስደነገጠን በ2021 መጣ። ለዓመታት የማሕፀን ግድግዳን እንቆርጥ ነበር፤ መቁረጡ ይጠቅማል ብለን። 80 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ዓለም አቀፍ ጥናት ግን ግድግዳው ከተቆረጠላቸው 31 ከመቶ፣ ካልተቆረጠላቸው 35 ከመቶ ወለዱ አለ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ክርክሩም አልተዘጋም። ለእኔ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በምስል የታየ ነገር ሁሉ የመካንነቱ ምክንያት አይደለም፣ የተገኘ ሁሉም መቆረጥ የለበትም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን በኔ እይታ ልናገር። የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ይቅደም። ከዚያ በብልት በኩል የሚሠራ አልትራሳውንድ፤ ውስጡ አጠራጣሪ ከሆነ በጨው ውኃ። ለቱቦ ኤችኤስጂ ወይም አረፋ። የአፈጣጠር ጥርጣሬ ካለ ባለ ሦስት አቅጣጫው፣ እሱ ካልተገኘ ኤምአርአይ። ካሜራው ሊታከም የሚገባ ነገር ሲኖር ወይም ጠባሳ ሲጠረጠር። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልጋቸው በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2019 ጀምሮ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው።

ጸበል የምትጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ፣ ተጠመቁ፣ አስደርጉ፤ እኔ አልከለክልም። የምለምናችሁ ነቀርሳ ተገኝቶባችሁ መድኃኒት ከጀመራችሁ እንዳታቋርጡት ነው። ከኤችኤስጂ በኋላ ባሉት ቀናት ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተመለሱ።

በመጨረሻ የተነሣችሁትን ራጅ፣ ሲዲና ወረቀት ሁሉ አስቀምጡ። ውጤቱን የጻፈው ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ምስሉ ካለ ሌላ ሐኪም መልሶ ያነበዋል፣ ከጠፋ ግን ያንኑ ሕመምና ያንኑ ወጪ እንደገና ትከፍላላችሁ። ቀጣዩን ቀጠሮ ስትሄዱ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ፣ ባላችሁንም አስከትላችሁ ሂዱ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁ ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ አቀብሉኝ፣ ስም መጻፍ አያስፈልግም።